እሪታና ዜማ በአንድ ጉሮሮ

ድምፃዊው ጄሲ ሊች ከአሜሪካው የሜታል ባንድ ከኪልስዊች ኢንጌጅ መውጣቱን ለጓደኞቹ የነገራቸው በኢሜይል ነው። ጊዜው 2002 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። አዲሱ አልበማቸው በሜይ ወር ወጥቷል፤ ስማቸው ከማሳቹሴትስ አልፎ መሰማት ጀምሯል፤ ለሚቀጥለው ቱር መንገድ ሊጀምሩ የቀራቸው ጥቂት ቀን ነው። በዚህ መሃል ድምፃዊው እንደማይቀጥል ጽፎ ላከላቸውና ቀረ። ቤዝ ተጫዋቹ ማይክ ዲአንቶኒዮ ከጊዜ በኋላ ሲጠየቅ፣ ሦስት ዓመት እንደ ወንድም ካዩት ሰው ኢሜይል ብቻ መምጣቱ እንደከበዳቸው ተናግሯል።

የኪልስዊች ኢንጌጅን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች ይህን ነገር ቶሎ ያልፉታል። ድምፃዊው ለቀቀ፣ ሌላ ተተካ፣ ባንዱ ገነነ፣ አለቀ። እኔ እንዲህ ማለፍ አልሆነልኝም። እነዚህን ልጆች ከሌላው የለያቸው ነገርና ጄሲን አድክሞ ከመንገድ ያስቀረው ነገር የተያያዘ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን ለማስረዳት ግን ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ አለብኝ።

የምኖረው ማሳቹሴትስ ነው። ይህን ሙዚቃ ያስለመደኝ ማታ ማታ ፓርኪንግ አብሮኝ ይሠራ የነበረ የምዕራብ ማሳቹሴትስ ልጅ ነው። መኪና በማይገባበት ሰዓት፣ ሌሊቱ አልነጋ ሲል፣ ከስልኩ ይከፍትልኛል። ዘፈኑ እየሄደ እሱ የሚያወራኝ ስለ ሰዎቹ ነው፤ ማን ከየትኛው ባንድ እንደመጣ፣ የማን ወንድም የት እንደዘፈነ፣ የትኛው አዳራሽ ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደተገናኘ። ያኔ ነው ይህ ሙዚቃ ከሩቅ ሲሰሙት እንደሚመስለው ሳይሆን የሰፈር ሙዚቃ መሆኑ የገባኝ። ሁሉም ሁሉንም ያውቃል።

ለማያውቀው ሰው ልንገር። ሜታልኮር የሄቪ ሜታል ጊታርና የሃርድኮር ፓንክ ቁጣ የተገናኙበት ሙዚቃ ነው። ከሜታሉ በኩል ፈጣንና የተወሳሰበ የጊታር ሪፍ፣ ማለትም እየተደጋገመ የሚመታ አጭር ሐረግ፣ ይመጣል። ከሃርድኮሩ በኩል ደግሞ ብሬክዳውን የሚሉት ነገር አለ፤ ዘፈኑ መሃል ላይ ድንገት ፍጥነቱ ይወርድና ጊታሩም ቤዙም ድራሙም አንድ ላይ እየከበዱ ሲመቱ፣ መድረኩ ሥር ያለው ሕዝብ እርስ በርሱ ይተራመሳል። ድምፃዊው በአብዛኛው ይጮኻል። ነገሩ አዲስ ሆኖ ሳለ በጥርት ያለ ዜማ የዘፈነ ጥቂት ነው።

ኪልስዊች ኢንጌጅ የተመሠረተው በ1999 ዌስትፊልድ በምትባል ከተማ ነው፤ ከቦስተን በስተምዕራብ፣ ከስፕሪንግፊልድ አጠገብ። ዌስትፊልድ በ19ኛው መቶ ዘመን የፈረስ ጋሪ ጅራፍ በብዛት ይሠራባት ስለነበር እስከ ዛሬ «የጅራፍ ከተማ» ትባላለች። መኪና ሲመጣ ጋሪው ቀረ፣ ጅራፉም አብሮት ቀረ። ከእንዲህ ያለ ከተማ የሚወጣ ወጣት ትልቅ መድረክ አይጠብቅም። በዘጠናዎቹ የኒው ኢንግላንድ ሃርድኮር ልጆች የጦር አርበኞች ማኅበር አዳራሽ ይከራያሉ፣ የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ያስፈቅዳሉ፣ በአንድ ምሽት አራት አምስት ባንድ ይደረድራሉ፤ ዕቃቸውን ራሳቸው ያወርዳሉ፣ ራሳቸው ይጭናሉ።

ከእነዚህ ባንዶች ሁለቱ ለዚህ ታሪክ ያስፈልጉናል። አንዱ ኦቨርካስት ነው፤ ከ1991 ጀምሮ ሜታልና ሃርድኮርን ያቀላቀለ፣ ዲአንቶኒዮ ቤዝ የሚጫወትበት ባንድ። ድምፃዊው ብራያን ፌር በኋላ ሻዶውስ ፎል የሚባል ሌላ ባንድ ድምፃዊ ሆኗል። ኦቨርካስት በ1998 ተበተነ። ሁለተኛው አፍተርሾክ ነው፤ አዳም ዱትኬቪች፣ ወንድሙ ቶቢና ጊታሪስቱ ጆል ስትሮትዘል የነበሩበት። እሱም ብዙ ሳይቆይ ፈረሰ። በሁለቱም ባንዶች ውስጥ የነበሩት ልጆች ሥራቸውን ያውቁ ነበር፤ ወጣትነታቸውን የሰጡት ነገር ነው የተበተነባቸው። ዲአንቶኒዮ ከሰባት ዓመት በኋላ ባንዱ ሲፈርስ ተስፋ ቆርጦ ቢተወው ማንም አይፈርድበትም ነበር። እሱ ግን አዳምን ፈልጎ አብረው መለማመድ ጀመሩ። አዳም ድራም ላይ ተቀመጠ፣ ጆል ጊታር ያዘ። ድምፃዊ ጎደላቸው።

ስለ አዳም ትንሽ ልበል፤ ምክንያቱም የዚህ ባንድ ድምፅ ከማንም በላይ የእሱ ነው። ቦስተን በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ የተማረ ልጅ ነው፤ ቅንብር፣ ቀረጻና ፕሮዳክሽን። በርክሊ ለኛ እንግዳ ስም አይደለም፤ ሙላቱ አስታጥቄ በሃምሳዎቹ መጨረሻ ገብቶ የተማረበት፣ በ2012 ደግሞ የክብር ዶክትሬት የሰጠው ትምህርት ቤት ነው። ሁለቱ ሰዎች የሚያገናኛቸው ሙዚቃ የለም። ግን ሁለቱም ከዚያ ቤት ይዘው የወጡት ልማድ ይመስለኛል አንድ ነው፤ ሙዚቃን ከሚጫወተው ሰው ጎን ብቻ ሳይሆን ከሚሰማው ሰው ጎን ቆሞ ማሰብ። አዳም ድራም ይመታል፣ ጊታር ይጫወታል፣ ይዘፍናል፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ ደግሞ ከመስታወቱ ጀርባ ተቀምጦ ይቀርጻል።

ድምፃዊው ከሮድ አይላንድ መጣ። ጄሲ ሊች ኮሪን በሚባል ባንድ ውስጥ ይዘፍን ነበር። የአዲሱን ባንዳቸውን ስም ያገኙት «ኪል ስዊች» ከሚል የኤክስ ፋይልስ ክፍል ነው፤ በዚያ ዘመን ይህን ተከታታይ ፊልም ያላየ ወጣት አሜሪካ ውስጥ አልነበረም ማለት ይቻላል። አራት ዘፈን ያለበት ዴሞ፣ ማለትም የሙከራ ቅጂ፣ ቀረጹ፤ ከዘፈኖቹ አንዱ «ሶይልቦርን» የመጀመሪያ ድርሰታቸው ነው። በኖቬምበር 1999 የመጀመሪያ ኮንሰርታቸውን ያቀረቡት ለስዊድኑ ባንድ ለኢን ፍሌምስ መክፈቻ ሆነው ነው። ይህ አጋጣሚ ያስደስተኛል። ኢን ፍሌምስ ከጎተንበርግ ከተማ የመጣ ባንድ ነው፤ ሁለት ጊታር እንደ ሁለት ዘፋኝ እየተቀባበለ ዜማ የሚያወጣበትን የሜታል ስልት ካስተዋወቁት አንዱ። የማሳቹሴትስ ልጆች ያንን ዜማ ወስደው ከሃርድኮሩ ክብደት ጋር አጋቡት። ባሕር ማዶ ያለው መምህራቸው በመጀመሪያው ምሽታቸው አብሯቸው አንድ መድረክ ላይ ወጣ።

የመጀመሪያ አልበማቸው በ2000 ፌሬት በተባለ ትንሽ አሳታሚ ወጣ፤ ርዕሱ የባንዱ ስም ነው። ብዙ አልተሸጠም። ጥሬ ነው፣ ይቆረቁራል፣ ድምፁም የጠበበ ክፍል ውስጥ የተቀረጸ ይመስላል። ነገር ግን የፌሬት ባለቤት ካርል ሴቨርሰን አልበሙን ሮድራነር ለሚሠራ ማይክ ጊተር ለሚባል ሰው ሰጠው። ሮድራነር ያኔ ሴፑልቱራና ስሊፕኖት የሚባሉት ዝነኛ የሜታል ባንዶች አሳታሚ ነበር፤ ለሜታል ባንድ ከዚያ የተሻለ በር አልነበረም። ፈረሙ።

አሁን ወደምወደው ቦታ ደረስኩ። ከ2001 መጨረሻ እስከ 2002 መጀመሪያ፣ እዚያው ዌስትፊልድ፣ ዚንግ የሚባል ስቱዲዮ ውስጥ «አላይቭ ኦር ጀስት ብሪዚንግ» የሚለውን አልበም ቀረጹ። ትልቅ ኩባንያ ፈርሞላቸው እንኳ ወደ ሎስ አንጀለስ አልሄዱም፣ ታዋቂ ፕሮዲውሰር አልቀጠሩም። ፕሮዲውሰሩ አዳም ነው፤ ድራሙን የመታውም እሱ፣ ከጄሲ ኋላ የሚሰማው ሁለተኛ ድምፅም የእሱ። ሽፋኑን ዲአንቶኒዮ ራሱ ሠራው፤ የባንዱን የሥዕል ሥራ እስከ ዛሬ የሚሠራ እሱ ነው። ሚክሱ፣ ማለትም የተቀረጹትን ድምፆች የማመጣጠኑ ሥራ፣ ብቻ ወደ እንግሊዝ፣ ወደ አንዲ ስኒፕ ስቱዲዮ ሄደ።

ከዚህ አልበም አንድ ዘፈን ብቻ መርጣችሁ ስሙ ብባል «ማይ ላስት ሴሬናድ» እላለሁ። ግጥሙን የሚለው በጩኸት ነው፤ ከደረት የሚወጣ፣ ጫፉ የተሰነጠቀ፣ ቃሉ ግን የሚለይ ጩኸት። ጊታሮቹ ከሥሩ አጭር አጭር እየቆረጡ ይሄዳሉ። አዝማቹ ላይ ሲደርስ ጊታሩ ይረዝማል፣ ያው ሰውዬ አፉን ከፍቶ ይዘፍናል። ጥርት ያለ፣ ትንሽ የሚንቀጠቀጥ፣ ያልተቀባባ ዜማ። ሌላ ዘፋኝ የገባ ይመስላል፤ አልገባም። ከዚያ አዝማቹ ሳያልቅ ጩኸቱ ተመልሶ ከዜማው ጋር ይደራረባል፣ የአዳም ድምፅም ከላይ ይጨመራል።

እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እኔ ጋ ከርማ በነበረ ጊዜ ይህን ዘፈን መኪና ውስጥ ሰማችው። መጀመሪያ ዝም አለች፤ ከዚያ ወደኔ ዞራ «ምን ሆኖ ነው ልጄ እንዲህ የሚጮኸው? ማን ሞቶበት ነው?» አለችኝ።

«ማንም አልሞተበትም እማዬ፣ ዘፈን ነው» አልኳት።

አዝማቹ መጣ። ራሷን ነቅነቅ አድርጋ፣ «እ፣ ይኸው አሁን ሙሾውን ያዘ» አለች።

እኔ ስለዚህ ሙዚቃ ብዙ አንብቤያለሁ፤ የእናቴን ያህል ነገሩን የነካ ግን አላገኘሁም። ለቅሶ ቤት የቆመ ሰው ያውቀዋል። መጀመሪያ እሪታ አለ፤ ቃል የሌለው፣ ደረት የሚመታ። ከዚያ አንዲት ሙሾ አውራጅ ተነስታ ለሐዘኑ ዜማና ቃል ትሰጠዋለች፤ ሕዝቡ ይቀበላታል፣ እሪታውም በዜማው ውስጥ ቦታ ያገኛል። እሪታው ብቻውን ቢቀር ሰውን ያደክማል። ዜማው ብቻውን ቢሆን ደግሞ የእውነት አይመስልም። ልዩነቱ እኛ ጋ ሥራው የተከፋፈለ መሆኑ ነው፤ የሚጮኸው ይጮኻል፣ የምታወርደው ታወርዳለች። ዌስትፊልድ ውስጥ ሁለቱንም የተሸከመው አንድ ጉሮሮ ነው።

ቃሉም የተለየ ነበር። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ሬዲዮ በቁጣና ራስን በመጥላት የተሞላ የሜታል ዘፈን ያጫውት ነበር፤ ሕመማቸው እውነተኛ ስለሆነ አልነቅፋቸውም። ጄሲ ግን የጻፈው ስለ መነሳት ነው። ራስን ስለመለወጥ፣ አንድ ላይ ስለመቆም፣ በጨለማ ውስጥ ስላለመቅረት። የአልበሙ መዝጊያ «ራይዝ ኢንሳይድ» ብዙ ሰው አብሮ የሚጮኽበት ዘፈን ነው። እኔ ሌሊት ፈረቃ ላይ ሆኜ፣ አገር ቤት ያለው ነገር ሁሉ ከብዶኝ፣ ይህን ዘፈን የሰማሁባቸው ሰዓቶች ነበሩ፤ አንድ ሰው ስለኔ የጮኸልኝ ያህል ቀሎኝ ያውቃል።

ይህን ተስፋ የጻፈው ሰው ራሱ እየሰጠመ መሆኑን ያኔ አድማጩ አላወቀም። ጄሲ ያገባው በኤፕሪል 2002 ነው፤ በወሩ አልበሙ ወጣ፣ ቱሩ መጣ። ድባቴ ያዘው። ጉሮሮውም እየከዳው ነበር። ስለ ሁለቱም በኋላ ዘመን በግልጽ ተናግሯል፤ በተለይ ስለ ድባቴው የሚናገረው ለሌሎች ሲል ነው፣ ለዚህም አከብረዋለሁ። የሰው አእምሮ ሕመም ጉሮሮ በመጎዳቱ ብቻ አይመጣም፤ እንደዚያ ማለቴ አይደለም። ግን አስቡት። ድምፅህ ያልቅብሃል፣ ነገ ሌላ ከተማ አለ፣ ከነገ ወዲያ ሌላ። የምትዘፍነው ደግሞ «ተነሱ» የሚል ነው።

የጩኸት አዘፋፈን የራሱ ጥበብ አለው። በትክክል የሚጮኽ ሰው አየሩን ከሆዱ ይቆጣጠራል፤ ሻካራውን ድምፅ በአብዛኛው የሚያወጣው ከድምፅ አውታሮቹ በላይ ባለው ሥጋ ነው፣ አውታሮቹን ብዙም አያስጨንቃቸውም። ያልተማረ ሰው ግን አውታሮቹን እርስ በርስ ያጋጫቸዋል፤ ያብጣሉ፣ ይቆስላሉ፣ በላያቸው ላይ ሌላ ነገር ይበቅላል። ከዚያ በኋላ ጥርት ያለ ዜማ አውጣ ቢባል ከየት ይመጣል? ያኔ ይህን የሚያስተምር ሰው ጥቂት ነበር። ሜሊሳ ክሮስ የተባለች የኒው ዮርክ የድምፅ አስተማሪ የጩኸት ትምህርቷን በዲቪዲ ያወጣችው በ2005 ነው፤ የላም ኦፍ ጎድ ባንድ ድምፃዊ ራንዲ ብላይዝን የመሰሉ ሰዎችን አስተምራለች። ድራሙ፣ ጊታሩና ቀረጻው ከትምህርት ቤት በመጣበት ባንድ ውስጥ፣ ከሁሉ የሚከብደውን ሥራ የያዘው ሰው የሚመራው በስሜቱ ብቻ ነበር። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም፤ ዘመኑ እንደዚያ ነበር። ግን ሳስበው ያሳዝነኛል።

ኢሜይሉ ከመጣ በኋላ ባንዱ ያደረገው ነገር ያስገርማል። አልተበተኑም። ሁሉም አንድ ጊዜ ባንድ የፈረሰባቸው ሰዎች መሆናቸውን አስታውሱ። የኮኔቲከቱ ብለድ ሃዝ ቢን ሼድ ባንድ ድምፃዊ ሀዋርድ ጆንስ መጣ። ሀዋርድ ወፍራም፣ ጥልቅ፣ ከታች የሚነሳ ድምፅ ያለው ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ያኔ በዚህ ሙዚቃ መድረክ ላይ ጥቁር ድምፃዊ ማየት ብርቅ ነበር፤ ዛሬም ብዙ አይደለም። እኔ አዳራሽ ውስጥ በነጮች መሃል ብቻዬን የቆምኩ ሆኖ ሲሰማኝ የሀዋርድ ቪዲዮዎች ትዝ ይሉኝ ነበር።

አዳም ከድራሙ ተነስቶ ጊታር ይዟል፤ በእሱ ቦታ የአፍተርሾኩ ቶም ጎምስ ገብቶ ነበር። በ2003 ቶም ሲለቅ የሀዋርድ የድሮ ባንድ ድራመር ጀስቲን ፎሊ ተተካ፤ እሱም ከሃርት የሙዚቃ ትምህርት ቤት የወጣ ነው። በዚያው ዓመት ኦዝፌስት በሚባለው ትልቅ የሜታል ፌስቲቫል ላይ ተጫወቱ። በሜይ 2004 «ዚ ኤንድ ኦፍ ሃርትኤክ» ወጣ፤ በመጀመሪያው ሳምንት 38,000 ቅጂ ተሸጦ ቢልቦርድ 200 በሚባለው የአሜሪካ የአልበሞች ደረጃ ዝርዝር 21ኛ ሆነ። የአልበሙ ርዕስ የሆነው ዘፈን ለሁለተኛው የሬዚደንት ኢቭል ፊልም ማጀቢያ ተመረጠ፣ በ2005 ደግሞ ለግራሚ ታጨ። ግራሚውን የወሰደው የእንግሊዙ ባንድ ሞተርሄድ ነው። በ2007 አልበሙ 500,000 ደርሶ የወርቅ ማዕረግ አገኘ። ከአርበኞች አዳራሽ ተነስቶ እዚህ መድረስ ትልቅ ነገር ነው።

እኔን የሚነካኝ ግን ከቁጥሩ ይልቅ ያ አልበም ላይ የተጻፈ አንድ ስም ነው። «ቴክ ዚስ ኦዝ» በሚለው ዘፈን ውስጥ ከሀዋርድ ጋር የሚሰማ ሁለተኛ ድምፅ አለ፤ የጄሲ ሊች ነው። በኢሜይል የተለያየ ሰው፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ የተተካበትን ሰው ሊያጅብ ስቱዲዮ ገባ። ቂም ይዞ የሚቀር ብዙ ነው፤ በሙዚቃ ዓለም ደግሞ ይብሳል።

በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልበለው። በ2007 አዳም እንግሊዝ አገር ቱር ላይ ሳለ ጀርባው ታሞ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ የሆስፒታል አልጋ ላይ የጀመራቸውን ዘፈኖች የዘፈነለት ጄሲ ነው፣ ታይምስ ኦፍ ግሬስ በሚል ስም በ2011 ወጡ። በ2012 ሀዋርድ በስኳር ሕመም ምክንያት ባንዱን ሲለቅ ጄሲ ተመለሰ። በ2018 ጉሮሮው ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ድምፁን እንደገና መማር ነበረበት። በ2019 «ዘ ሲግናል ፋየር» በሚል ዘፈን ጄሲና ሀዋርድ አብረው ዘፈኑ።

ከሁለቱ ማን ይበልጣል የሚለው ክርክር አያልቅም። እኔ የሀዋርድ ድምፅ ይበልጣል እላለሁ፤ አልበም ምረጥ ብትሉኝ ግን የ2002ቱን ነው የምይዘው። አዲስ ሰሚ ከሆናችሁ «ቴምፕል ፍሮም ዘ ዊዚን» የሚለውን ዘፈን ፈልጉ። ሁለት ጊዜ ተቀርጿል፤ በ2000 ለፌሬት፣ ከዚያ እንደገና ለ2002ቱ አልበም። ቃሉ ያው፣ ሪፉ ያው፣ ሰዎቹም ያው ናቸው። መጀመሪያ የቀድሞውን ስሙት፣ ቀጥሎ የኋለኛውን፣ በጆሮ ማዳመጫ ቢሆን ይመረጣል። ሁለተኛው ላይ የአዳም ድራም ምን ያህል እንደጠራ፣ ጄሲም ጩኸቱን ለቆ ዜማውን ሲይዝ ምን ያህል እንደደፈረ ትሰማላችሁ።